ዲፕ ፍሪዘሩ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ከሥሩ ያለው አይታወቅም፤ ከየት ይጀመራል?

ጓዳዬ

ሰላም ለዚህ ቤት። ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት 200 ሊትር ዲፕ ፍሪዘር እስከ አፉ ሞልቶ መላው ጠፍቶኛል። ከላይ ዳቦና አትክልት፣ ከሥር ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ነው። ግማሹ በጥቁር ፌስታል ስለተቋጠረ ምን እንደሆነም፣ መቼ እንደገባም የሚታወቅ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው በረዶ ጋግሯል፤ ክዳኑም ግጥም አይልም። በዚያ ላይ ባለፈው ወር መብራት አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። የትኛው ይጣላል፣ የትኛው ይቀራል? በረዶውን በቢላ ቀስ እያሉ መፈልፈል ምን ችግር አለው? ከተጸዳ በኋላስ በወሩ ተመልሶ እንዳይተራመስ እንዴት ይደረደራል?

---

ሰፌድ

እህቴ፣ ሶኬቱን ለመንቀል አትቸኩዪ። የተለመደው ስሕተት ነቅሎ፣ ሁሉን ወለል ላይ ዘርግፎ፣ ከዚያ ማሰብ መጀመር ነው። ማሰቡ ሳያልቅ ሥጋው ይለሰልሳል።

ከማጽጃው ቀን በፊት ለሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አዲስ ነገር አታስገቢ፤ ከላይ ያለውን እየተጠቀማችሁ አውርዱት። ቦታ ሲገኝ ሦስት አራት ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ውሃ አስገቢ። እስከ አፉ አትሙዪው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ አራት ጣት ጎደል ይበል። በማጽጃው ቀን ሥጋውን የሚያቀዘቅዙልሽ እነዚህ ጠርሙሶች ናቸው።

አይስ ቦክስ ካለ እሰየው። ከሌለ ወፍራም ካርቶን ውስጡን በድርብርብ ጋዜጣ አልብሰሽ፣ ሲሞላ በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። ብርድ ልብስ ያሞቀዋል ብለሽ አትፍሪ፤ ሥራው የውጭውን ሙቀት መከልከል ብቻ ነው። ዕቃውን አጠጋግተሽ ደርድሪ፤ በመካከሉ ክፍተት ካለ ቶሎ ይሟሟል። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ በአንድ ሣጥን፣ ዳቦና አትክልት በሌላ ይሁን፤ የሥጋው ውሃ ቢያንጠባጥብ ሳይበስል የሚበላ ነገር ላይ አይወርድም።

መለየቱን እያወጣሽ ጨርሺው። ስሙም ቀኑም የሚታወቀው አንድ በኩል፣ ምንነቱ ታውቆ ቀኑ የጠፋው ሌላ በኩል፣ ጭራሽ የማይታወቀው ለብቻው። ጥቁሩን ፌስታል ለመፍታት አትታገዪ፤ ጫፉን በመቀስ ቀድደሽ እዪና ወዲያው ከነፌስታሉ በነጭ ላስቲክ ውስጥ ክተቺው። ፕላስተር ለጥፈሽ «ቀይ ሥጋ፣ 1 ኪሎ ገደማ፣ ቀኑ አይታወቅም» ብለሽ ጻፊበት። ሰው የሚዘገየው እያንዳንዱን ጥቅል ከፍቶ ሲመረምር ነው፤ ምርመራው በኋላ ይደረጋል።

የማይታወቀውን በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አንድ አንዱን ሳህን ላይ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አሟሙና ያን ጊዜ ወስኚ። ወደ ጥልቁ ተመልሶ ከገባ መቼም አይወጣም።

---

በረዶ ሰባሪ

የጥገናውን በኩል እኔ ልንገርዎት።

ቢላ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ የሚባል ነገር አያስነኩት። በዚህ ዓይነት ፍሪዘር ጋዝ የሚዞርባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ከውስጠኛው ቆርቆሮ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተጠምጥመው ነው። በረዶው የጋገረበት ቦታ ሁሉ ከኋላው ቱቦ አለ ብለው ያስቡ። አንድ ቀዳዳ ከተፈጠረ ጋዙ ይወጣል፤ ቱቦው ደግሞ በፎም ውስጥ ስለተቀበረ ፈልቅቆ መበየድ ከዋጋው በላይ ይሆናል። በቁም የሚከፈተው ባለ መደርደሪያ ፍሪዘር ከዚህ የባሰ ነው፤ በብዙዎቹ መደርደሪያው ራሱ ቱቦ ነው።

ከጀርባው ወይም ከኮምፕረሰሩ (ጋዙን ከሚያዞረው ሞተር) ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። «አር 600ኤ» (R600a) የሚል ከሆነ ጋዙ አይሶቡቴን ነው፤ በእሳት ይቀጣጠላል። እየሠሩ ሳለ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፣ ክብሪት አይጫሩ፣ ሶኬትም አይሰኩ፣ አይንቀሉ፤ መስኮትና በር ከፍተው ይውጡ።

በረዶው የሚጋግረው ከውጭ በሚገባ እርጥብ አየርና ሳይቀዘቅዝ በተጨመረ ምግብ ነው። ሲወፍር ቅዝቃዜው ከግድግዳው ወደ ዕቃው እንዳያልፍ እንደ ፎም ይከልላል፤ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ምግቡ ግን የሚገባውን ያህል አይቀዘቅዝም። ውፍረቱ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ሲደርስ መሟሟት ነበረበት። ሁለት ጣት ማለት ብዙ አልፎበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ይንቀሉ። ከታች የውሃ መውጫ ቡሽ ካለ የውስጡንም የውጭውንም ይክፈቱ፤ ዝርግ ሳህን ከሥሩ ያድርጉ። ወለሉ ላይ የታጠፈ ፎጣ ወይም ጣውላ ያንጥፉና ሙቅ ውሃ የያዙ ሁለት ድስቶች ከላዩ ያስቀምጡ። የጋለ ድስት በቀጥታ ከተቀመጠ የፕላስቲኩ ወለል ይጣመማል። ክዳኑን ይዝጉት፤ በእንፋሎት የሚሟሟው ሲዘጋ ነው። ውሃውን በየ15 ደቂቃው ይቀይሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በረዶው ከግድግዳው መላቀቅ ይጀምራል፤ ትልልቁ በእጅ ይነሳል፣ የቀረውን በእንጨት ማማሰያ ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ገፋ ገፋ ማድረግ ይበቃል። የማይነሳ ከሆነ አይታገሉት፣ ጊዜው አልደረሰም።

የፀጉር ማድረቂያ ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ አልመክርም። ውሃ ውስጥ ቆሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ መያዝ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ቬንትሌተር ራቅ አድርጎ ወደ ውስጥ እንዲነፍስ ማድረግ ግን ይሻላል። ጨው አይነስንሱ፤ ቆርቆሮውን ያዝገዋል።

ሲያልቅ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያጽዱት። ሽቶ ያለው ሳሙና አይጠቀሙ፤ ሽታው ወደ ዳቦው ይሄዳል። ከዚያ በደረቅ ፎጣ እስከ ማዕዘኑ ያድርቁ፤ የቀረች ጠብታ ሁሉ ነገ በረዶ ናት። ቡሾቹን መልሰው መግጠም አይርሱ፤ ክፍት ከቀሩ እርጥብ አየር በዚያ ይገባል።

አሁን ወደ ክዳኑ። ጎማውን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይጠቡት፤ በእጥፋቱ ውስጥ የገባ የዳቦ ፍርፋሪ ብቻውን ክዳን ያንሳፍፋል። ከዚያ ወረቀት በጎማው መካከል አድርገው ይዝጉና ይጎትቱት። ያዝ ካደረገ ደህና ነው፤ ሸርተት ብሎ ከወጣ እዚያ ቦታ አየር ይገባል። ዙሪያውን በየ20 ሴንቲሜትሩ ይሞክሩት። ጎማው ደርቆ ከተጣመመ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ ቢያደርጉበት ብዙ ጊዜ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን መቀየር ነው። አንዳንዴ ጎማው ንጹሕ ሆኖ ጥፋቱ የተቆለለው ዕቃ ይሆናል፤ ክዳኑን ከሥር ገፍቶ ይይዘዋል።

ሶኬቱን ሰክተው ባዶውን ያስነሱት። ውስጡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል፤ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ይዩ እንጂ በእጅ ዳስሶ አይታወቅም። ዕቃውን ከዚያ በኋላ ይመልሱ።

---

ሦስት ጉልቻ

ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁ? ከ6 ወር ያለፈውን ሁሉ መጣል ነው። ነጣ ነጣ ብሎ የደረቀ ካለ ደግሞ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ጣይው።

---

ልክና መጠን

ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከዜሮ በታች 18 ላይ ሳይቋረጥ የቆየ ምግብ ውስጥ ተህዋስያን አይራቡም። ስለዚህ እዚያ ቅዝቃዜ ላይ ጊዜ ምግቡን መርዝ አያደርገውም፤ ጣዕሙንና ልስላሴውን ነው የሚወስደው። መርሳት የሌለብን ብርዱ አብዛኞቹን አይገድላቸውም፣ ያቆማቸዋል እንጂ። ሲሟሟ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ጣዕም የሚቆይበት ጊዜ እንደ ምግቡ ነው። ቅባት በብርድም ውስጥ ቀስ እያለ ጣዕሙ ስለሚለወጥ ቅባታም ዓሣ ከ2 እስከ 3 ወር፣ የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር ነው። ቅባት የሌለው ዓሣ 6 ወር ይሄዳል። ያልተፈጨ የበሬ ሥጋ ከ6 እስከ 12 ወር፣ የተቆራረጠ ዶሮ 9 ወር፣ ሙሉ ዶሮ ዓመት። ሾርባና የበሰለ ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ዳቦም እንደዚያው፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ የገባ አትክልት ከ8 እስከ 12 ወር። በ6 ወር ሕግ ከሄድን ጥሩ ዶሮ ጥለን ጣዕሙ የሄደ የተፈጨ ሥጋ እንበላለን።

የነጣው ነገር ድርቀት ነው። በሥጋው ፊት ላይ ያለው በረዶ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተን ተለውጦ ሄዶ ቦታው እንደ ቆዳ ደርቋል። አይጎዳም፤ ጣዕም ግን የለውም። ትንሽ ከሆነ ቆርጦ መጣል፣ ብዙ ከሆነ ለሾርባ ማድረግ ይቻላል። የሚያስከትለው በላስቲኩ ውስጥ የቀረ አየርና ከፍ ዝቅ የሚል ቅዝቃዜ ነው።

የሚያስጥለው ዋና ነገር ቅዝቃዜው መቋረጡ ነው፤ ጓዳዬ የጠቀስሽው የመብራት መጥፋት ከበረዶውም ከቀኑም በላይ ያሳስባል። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል። ያንቺ ሞልቶ ስለነበር፣ ክዳኑ ግጥም ቢል ኖሮ አያጠራጥርም ነበር። ግጥም ስለማይል ግን ዕቃውን ስትለዪ ምልክቱን እዪ፦ ከላስቲኩ ሥር የረጋ የሥጋ ውሃ በጠፍጣፋ በረዶ መልክ ካለ፣ ተበትኖ የገባ አተር አንድ ድንጋይ ከሆነ፣ አይስክሬም ወርዶ በአንድ ወገን ከረጋ፣ እነዚያ ቀልጠው ተመልሰው በረዶ የሆኑ ናቸው። ከእነሱ አጠገብ፣ በዚያው ከፍታ የነበረ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ይጣል። ከሥር ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይተኛል። ሽታ ዳኛ አይሆንም፤ የሚያሳምሙት ተህዋስያን ብዙዎቹ አይሸቱም።

ለወደፊቱ አንድ ኩባያ ውሃ በረዶ አድርገሽ ሳንቲም ከላዩ አስቀምጪና ከላይኛው ዕቃ ጋር ትቀመጥ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳንቲሙ ከኩባያው ሥር ከተገኘ የላይኛው ዕቃ ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

---

ሰፌድ

ልክና መጠን ያለው ትክክል ነው። አሁን አደራደሩን ላንሳ፤ የሚተራመሰው ከአስተሻሸጉ ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ ልነሣ።

በጥቅሉ ልክ እንጀምር። 3 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ በአንድ ፌስታል ተጨፍልቆ ከገባ እስከ መሐሉ በረዶ ሆኖ ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ቀስ ብሎ ሲረጋ የበረዶው ቅንጣት ትልልቅ ይሆንና የሥጋውን ሕዋሳት ይበሳል፤ ሲሟሟ የሚፈሰው ቀይ ውሃ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን፣ ለምሳሌ ግማሽ ኪሎ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ አድርገሽ በመዳፍ 2 ሴንቲሜትር እስኪሆን ዳምጪው። ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሟሟል፣ ከደረቀ በኋላም እንደ መጽሐፍ ይቆማል። አየሩን ለማስወጣት ዚፑን ጣት እስኪያስገባ ትተሽ ላስቲኩን በባልዲ ውሃ ውስጥ እስከ አፉ አጥልቂው፤ ውሃው ራሱ አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ያኔ ዝጊ። ስስ ፌስታል ብቻውን አይሆንም፤ ይቀደዳል፣ ተንም ያሳልፋል።

በአንድ ቀን ብዙ አታስገቢ። ለእያንዳንዱ 100 ሊትር በ24 ሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ነው ልኩ፤ ላንቺ ፍሪዘር ከ6 እስከ 9 ኪሎ። ከዚያ ሲያልፍ አዲሱ ሳይደርቅ የቆየውንም ያሞቀዋል። የበሰለ ነገር ደግሞ በጥልቅ ድስት አታቀዝቅዢ፤ ጥልቀቱ 5 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ዕቃ ገልብጠሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ፍሪዘር። በመስታወት ዕቃ ከሆነ አንገቱ የማይጠብ ይሁን፤ በአንድ ሊትር ዕቃ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ጎደል ካላልሽ ትከሻው ላይ ይሰነጠቃል።

አትክልት ጥሬውን የምታስገቢ ከሆነ እሱም አንዱ ጥፋት ነው። በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች በብርድም መሥራት ስለማያቆሙ ከለሩም ጣዕሙም ይሄዳል። ለግማሽ ኪሎ 4 ሊትር ውሃ አፍልተሽ ጨምሪ፤ ውሃው ተመልሶ ሲፈላ መቁጠር ጀምሪ፦ የተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ፣ ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ አተር ደቂቃ ተኩል። ተመልሶ ለመፍላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደበት አትክልቱ በዝቷል። ከዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ለዚያው ያህል ደቂቃ፣ ማጥለል፣ በትሪ ላይ በትኖ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማድረግና ወደ ላስቲክ መክተት። ሰላጣና ኪያር አይሞከሩም፤ ማዮኔዝ ይለያያል፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ጎማ ይሆናል፣ ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ይፈነዳል።

ጽሑፉ ላስቲኩ ሳይሞላ በፊት ይጻፍ፤ በቀዘቀዘና በረጠበ ላስቲክ ላይ ማርከርም አይይዝ፣ ፕላስተርም አይጣበቅ። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ።

ዲፕ ፍሪዘርን የሚያበላሸው በድርብ በድርብ መደርደር ነው። ዓሣ ከሥር፣ ሥጋ ከላዩ፣ ዳቦ ከሁሉ በላይ ሲሆን ዓሣ የፈለገ ሰው ሁሉን ያወጣል፤ ስለዚህ ማንም ዓሣ አይፈልግም። ከላይ ወደ ታች መደረቡን ትተሽ ከግራ ወደ ቀኝ ክፈዪው። ቁመታቸው የፍሪዘሩን ጥልቀት የሚያክል አራት ጠንካራ የጨርቅ ከረጢቶች ወይም ቀዳዳ ያላቸው ቅርጫቶች ይበቃሉ፦ ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ አትክልት። እያንዳንዱ የተለያየ ከለር እጀታ ይኑረው። ከኮምፕረሰሩ በላይ ያለው ከፍ ያለ መድረክ ለዳቦና ለተሰናዳ ምግብ ነው። በከረጢቱ ውስጥ አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይቆማል፤ ዳምጠሽ ያደረቅሽው ለዚህ ነው የሚጠቅምሽ። የተረፈውን ክፍተት በውሃ ጠርሙስ ሙዪው፤ ባዶ ፍሪዘር ቅዝቃዜ አይዝም።

ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፊ። አራት ዓምድ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት በጥቅሉ ልክ ጭረት፤ አንድ ሲወጣ አንድ ጭረት ይሰረዛል። ኪሎውን፣ የገዛሽበትን ቀን፣ ምኑን ምኑን ሁሉ እዚያ ልጻፍ ካልሽ በሁለተኛው ሳምንት ትተዪዋለሽ። ዝርዝሩ ላስቲኩ ላይ አለ። ማርከሩን በክር አንጠልጥዪው፤ ማርከሩ ጎልቶ ካልታየ እንደሌለ ነው።

---

ጓዳዬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባለው መሠረት ተሠራ፣ ጎማውም በሙቅ ፎጣ ተመለሰ። ሁለት ነገር ቀረ፦ ዕቃው ከተመለሰ 10 ሰዓት ሆኖ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 12 ላይ ነው። አንድ ዶሮ ደግሞ ክንፉና እግሩ ለስልሷል፣ ደረቱ ግን ድንጋይ ነው። መልሼ ፍሪዘር ውስጥ ላድርቀው?

---

በረዶ ሰባሪ

ቴርሞሜትሩን ከክዳኑ ሥር ካንጠለጠሉት ያሳስትዎታል፤ በሁለት ጥቅሎች መካከል ቀብረው ነገ ጠዋት ያንብቡት። ማስተካከያው ላይ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀዘቅዛል፣ አንድ ከፍ ያድርጉት። ፈጣን ማቀዝቀዣ ማብሪያ ካለውም እስከ ነገ ያብሩት። የውጭው ግድግዳ መጋሉ ጤነኛ ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ከግድግዳ 10 ሴንቲሜትር ያህል ያርቁት።

በ24 ሰዓትም 18 ካልደረሰ ውስጡን ይዩ። አዲሱ ውርጭ ከግድግዳው በአንዱ ክፍል ብቻ ታይቶ ሌላው ባዶ ከሆነ፣ ኮምፕረሰሩም ካላረፈ፣ ጋዝ ጎድሏል። ኮምፕረሰሩ ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ «ቀጭ» ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከጋዙ በፊት የመነሻ ሪሌው (ኮምፕረሰሩን የሚያስነሳው ማብሪያ) ይፈተሽ፤ ርካሽና በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ ነው።

---

ልክና መጠን

የዶሮውን፦ ውስጡ በረዶ ካለና የለሰለሰው ቦታም ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ሥጋ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ ማለትም ከ4 ዲግሪ ካላለፈ፣ መልሶ ማድረቅ ይቻላል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሟሟ ብዙ ውሃ ስለሚጥል ግን ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው፤ ሙሉ ዶሮ ለመሟሟት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ነገ ቀቅለሽ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተሽ፣ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርቂው። ፕላስተሩ ላይ የነገውን ቀን ጻፊ፣ የድሮውን አይደለም።